የጥይት ቀለሃ ለጸናጽል፦ ስዘረጋው የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

የላስታ አንጥረኛ፣ ከላሊበላ

ጤና ይስጥልኝ የሙያ ወንድሞቼ። መስቀል፣ ጸናጽልና የመቋሚያ ራስ ነው የምሠራው፤ ወናፉንም ጉጠቱንም የተረከብኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ነሐስ የሚገዛው ከወልዲያና ከደሴ ነበር፦ የተሰበረ ቧንቧ፣ አሮጌ ቁልፍ፣ የማሾ ገላ። ከጦርነቱ ወዲህ ግን የሚመጣልኝ ሁሉ የጥይት ቀለሃ ሆኗል። ገበሬው ሲያርስ ማረሻው ያወጣለታል፣ እረኛው ከገደል ሥር ይለቅመዋል፣ ቁራሌው አጠራቅሞ በማዳበሪያ ያመጣልኛል። በኪሎ ነው የምገዛው። ርካሽነቱ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ ግን እዚሁ ላስታ ላይ የተተኮሰ ቀለሃ ማኅሌት ቆሞ ቢዘመርበት ደስ ይለኛል። ስለዚህ እንዲያው እንደነገሩ እንዲሆን አልፈልግም።

የጨነቀኝ እንዲህ ነው። በማዳበሪያው ውስጥ ቢጫ አለ፣ ቀላ ያለ አለ፣ አረንጓዴ የተቀባ አለ። ቀላ ያለውን "መዳብ የበዛበት ነሐስ ነው" እያሉ አስወድደው ይሸጡልኛል። ማቅለጫ ውስጥ ስከተው ግን ቢጫው ውኃ ሲሆን እሱ እንዳለ ቁጭ ይላል።

ለጸናጽሉ ቅጠሎች፣ ማለትም ሽቦው ላይ እየተንሸራተቱ ለሚጮኹት ክብ ክብ ነገሮች፣ አላቀልጠውም። ቀለሃውን በቁመቱ ሰንጥቄ እዘረጋዋለሁ። አንዳንዱ እሺ ብሎ ይዘረጋል። አንዳንዱ ግን መዶሻ ገና ሲነካው በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይበጣጠሳል። ከአንድ ገበሬ የገዛሁት አንድ ከረጢት ሙሉውን እንዲህ ሆነ። የተሳካልኝም ቢሆን ሲያልቅ ድምፁ ደነዝ ነው። የደብራችን መሪጌታ ይዘው ወዝወዝ አደረጉትና "ልጄ፣ ይኼ አፉ የታሰረ ነው" ብለው መለሱልኝ።

ገና እየቀረበ ነው፤ ለቤዛ ኩሉ ለሚቆሙ ካህናት የታዘዝኩት አለ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።


አንጥረኛው፣ ከደሴ ሸዋ በር

ወንድሜ አብሽር፣ ሁሉም መላ አለው። እኔ የምሠራው የሙሽራ ጌጥና የዕጣን ማጨሻ ነው፤ ጸናጽል ሠርቼ አላውቅም፤ ነሐሱ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ማግኔት ያዝ። ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ይበቃል። ማግኔቱ የያዘው ቀለሃ ላዩ የፈለገውን ቢመስል ብረት ነው። የክላሽ ቀለሃ አብዛኛው ብረት ነው፤ አንዱ ዓይነት አረንጓዴ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፣ ሌላው ብረቱ መዳብ ለብሷል። አስወድደው የሚሸጡልህ ቀላ ያለው ይኸኛው ነው። የቀለሃ ነሐስ ከ915 እስከ 955 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይቀልጣል፤ ብረት ግን 1,500 ገደማ ይፈልጋል፣ እንዲያው ብትነፋ ብትነፋ ወናፍህን ታደክማለህ እንጂ አይቀልጥም። አሁን ብሬን የምንለው የራሽያው መትረየስ ቀለሃም በብዛት ብረት ነው። የከባዱ መትረየስ የዲሽቃ ሁለቱም ዓይነት አለ። የጥንቱ፣ የጣሊያኑ 6.5፣ የእንግሊዙ 303፣ የጃንሆይ ጦር ይዞት የነበረው ኤም ዋን፣ እነዚህ ነሐስ ናቸው። የኤም ዋን ቀለሃ 12 ግራም ያህል ስለሚመዝን 80 ገደማው አንድ ኪሎ ይሞላልሃል።

ማግኔት ያልያዘውንም ሁሉ ነሐስ ነው አትበል። ቂጡን በሞረድ ጫር አድርገው። ቢጫ ካወጣ ነሐስ ነው። ከላይ ነጭ ሆኖ ከሥር ቢጫ ካወጣ ኒኬል የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ውስጡ ደህና ነው። እስከ ውስጥ ነጭ ሆኖ እጅህ ላይ ከቀለለ አሉሚኒየም ነው፣ ለይተህ አስቀምጠው። አረሩን ከቀለሃው ጋር አትቀላቅል፤ አረር ላዩ ቀይ ቢመስልም ውስጡ እርሳስና ብረት ነው፤ እርሳስ የገባበት ነሐስ ደግሞ ጭሱም መዘዝ ነው፣ ለመዶሻም አይመችም።

አሁን ወደ ስንጥቁ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የቀለሃ ነሐስ 70 እጅ መዳብ 30 እጅ ዚንክ ነው፤ ለመዘርጋት ከዚህ የተሻለ ነሐስ አታገኝም። ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ ከአንድ ወፍራም ክብ ዝርግ ተስቦ ተስቦ ነው ቀለሃ የሚሆነው፤ ነሐስ ደግሞ በተሳበና በተቀጠቀጠ ቁጥር ይጠነክራል። አፉ አካባቢ ፋብሪካው ራሱ በእሳት ያለሰልሰዋል፤ አንዳንዱ አንገት ላይ የምታየው ሰማያዊና ቡናማ ጥላ የዚያ እሳት ምልክት ነው። ወደ ቂጡ ያለው ግን እንደ ጠነከረ ነው የሚመጣልህ። ስለዚህ ከመዘርጋትህ በፊት አለስልሰው። በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ቂጡን ቆርጠህ ለማቅለጫ አስቀምጥ፣ ገላውን ከሰል ላይ አድርገህ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቀው። ይህን ፀሐይ ላይ አታድርገው፤ ብርሃን ቀለሙን ይደብቅብህና ከልክ በላይ ታሞቀዋለህ። በሩን ዘግተህ፣ ጨለም ባለ ቤት። ልክ ቀይ ማለት ሲጀምር አውጣው። ከፈለግህ ውኃ ውስጥ ንከረው፣ ከፈለግህ ዝም ብለህ ይብረድ፤ ነሐስ እንደ ምሳር ብረት በውኃ አይጠነክርም። ከዚያ በእንጨት መዶሻ እየዘረጋህ ሂድ። መዶሻው ወደ ላይ መንጠር ሲጀምርና ድምፁ ሲቀጥን ጠንክሯል ማለት ነው፤ እንደገና ወደ እሳት።

ያ አንድ ከረጢት ሙሉው የተሰነጠቀብህ ግን ሌላ ምክንያት ያለው ይመስለኛል። የት ነበር የተቀመጠው? ከብት ቤት፣ በግ ቤት፣ ፍግ ያለበት ቦታ ከሆነ አሞኒያ በልቶታል። የነሐስ ክፉ ጠላት የሽንት ጋዝ ነው። እንግሊዞች ሕንድ በነበሩበት ጊዜ ጥይታቸው ፈረስ ጋጣ አካባቢ ይቀመጥ ነበርና በክረምቱ ዝናብ ቀለሃው ማንም ሳይነካው በራሱ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸዋል። የተሳበ ነሐስ ውስጡ ውጥረት አለበት፤ ውጥረቱና አሞኒያው ሲገናኙ ይከፍቱታል። እንዲህ የሆነውን በመዶሻ አትታገለው፤ ማቅለጥ ነው የሚሻለው።

ድምፁ የደነዘዘው ደግሞ፣ እንደምገምተው፣ የመጨረሻው ሥራህ እሳት ስለሆነ ነው። የለሰለሰ ነሐስ አይጮህም። ቅጠሉን ቆርጠህ፣ በስተህ፣ ቅርጹን ከጨረስክ በኋላ ፊቱ ልሙጥ በሆነ የብረት መዶሻ ንጹሕ መስፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር እኩል ምታው፣ ከዚያ በኋላ እሳት አይንካው። ደህና አድርጎ ይናገርልሃል።


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፣ ከኮምቦልቻ

የሸዋ በሩ ወንድማችን ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ከማግኔት በፊት ዓይን ይቀድማል! እኔ ያገለገልኩት ጥይት መጋዘን ነው። እናንተ ስለ ድምፅ ስታወሩ የእኔ ልብ ያለው ማዳበሪያው ውስጥ ነው፤ ከየማሳው የተለቀመ ነገር ሁሉ ባዶ አይደለም።

አንዲት ቀለሃ ሳትታይ ወደ እሳት አትግባ። አንድ በአንድ እያነሳህ አፏን ወደ ብርሃን አዙር፤ ታችኛው ወለሏ ካልታየህ አትቀበላት። ቂጧን ገልብጥ። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ክብ መቀጣጠያ የመርፌ ስርጉድ ከሌለባት አልተተኮሰችም። ስርጉድ ኖሮባት አረሩ አሁንም አፏ ላይ ካለ ክሽፍ ናት፤ ክሽፍ ደግሞ ከሁሉም የከፋች ናት፣ አንዴ ተመትታ ያልፈነዳችውን ምን እንደሚያስነሳት ማንም አይነግርህም። አረር ባይኖራትም አፏ ተጨማድዶ የተዘጋ ካየህ ለሰላምታና ለልምምድ የሚተኮስ ባዶ ጥይት ሊሆን ይችላል። ባዶ የሚባለው አረር ስለሌለው ነው እንጂ ባሩዱ ውስጡ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው።

ተረግጣ የተጨፈለቀች ቀለሃም ወደ ማቅለጫ አትግባ፤ በመጀመሪያ በጉጠት ተከፍታ ትደርቅ። ውስጧ ጭቃና ውኃ ይይዛል፤ የቀለጠ ነሐስ ውስጥ ጠብታ ውኃ ከገባ እንፋሎቱ ነሐሱን ፊትህ ላይ ይረጨዋል።

ከጥይት ወፈር ያለ፣ ክንፍ ያለው፣ ጫፉ ላይ የሚዞር ነገር ያለው፣ ምንነቱን ያላወቅኸው ነገር ከመጣልህ አታንሳው፣ አትጠበው፣ ከሌላው አትለየው። ልጆቹን አርቀህ ለሚሊሻ ወይም ለፖሊስ ተናገር። ቁራሌውንም እንዲህ ያለውን እንዳያመጣ አስጠንቅቀው። እረኞቹን ደግሞ አደራ! ገንዘብ ስታሳያቸው ያገኙትን ሁሉ ነው የሚያነሱት። "ከመሬት የተቀበረ አትቆፍሩ፣ አረር ያለበት አልገዛም" ብለህ ተናገር፣ በተግባርም አትግዛ።

ስለ ቂጡ ጽሑፍ ደግሞ ለማወቅ ያህል፦ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና ዓመቱ ነው። የሶቪየቱ በቁጥር ይጻፋል፤ 539 ያለበት ከቱላ፣ 17 ከባርናውል፣ 60 ፍሩንዜ ትባል ከነበረችው ከዛሬዋ ቢሽኬክ ነው። በሌላው በኩል ያሉት ሁለት አኃዞች የተሠራበት ዓመት መጨረሻ ናቸው። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸውን አንድ ላይ ብታደርግ ውፍረታቸው ስለሚቀራረብ ቅጠሎችህ እኩል ይወጡልሃል።


ወጣት ከሐይቅ

ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውጭ አገር ቀለሃውን አጥበው እንደገና ይሞሉታል ሲባል ሰምቻለሁ። እኛ አገር ለምን አይሞከርም? ጥይት እንደሆነ ተወዷል።


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ እውነት ነው፣ ለዒላማ ተኩስ የሚሞሉ አሉ። በፈቃድ፣ በልክ መሣሪያ፣ ቀለሃውን በፋብሪካና በዓመት ለይተው፣ እያንዳንዷን ለክተው ነው። እኛ ጋ ከማሳ የሚለቀመው ለዚያ አይሆንም። አብዛኛው ብረት ነው፤ ዝጎ የከረመ ነው፤ በስንት ዓይነት ባረጀ መሣሪያ ተተኩሶ የተለጠጠ ነው። ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ያየህበት ቀለሃ እዚያ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ነው። ውስጡን ብታየው ደግሞ የራሽያው ዓይነት መሀሉ ላይ ጉብ ያለች ነገርና ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ ውጭ አገር በብዛት የሚሞሉት አንድ ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ነው፣ አሮጌዋ መቀጣጠያ በዚያች ቀዳዳ በመርፌ ተገፍታ ስለምትወጣ። ሲተኮስ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት 3,000 ጊዜ ይበልጣል፣ ፊትህ አጠገብ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብበው። ይህን ሐሳብ ተወውና ይልቅ የላስታውን ሰው ሄደህ ሙያ ተማርበት።


ሲስተር፣ ከቆቦ ጤና ጣቢያ

እኔ ስለ ነሐስ አላውቅም፣ ስለ ጭሱ ግን ልናገር። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነሐሱ ገና ሲቀልጥ ማለት ነው። ማቅለጫው ላይ የሚነሣው ነጭ ጭስ እሱ ነው። ያን ጭስ የሳበ ሰው በዚያው ሰዓት ምንም አይለውም። ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ይጠማዋል፣ አፉ የብረት ጣዕም ይይዛል፣ ያስለዋል። እንደ እኛ ባለ ቆላ ወባ ነው ተብሎ ይታለፋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ካልለቀቀ ግን ጤና ጣቢያ፣ ስትመጡም "ነሐስ ሳቀልጥ ነበር" ብላችሁ ንገሩን። ወተት መጠጣት ጭሱን አያረክሰውም። ደጅ አቅልጡ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉት።

ሌላው የእርሳስ ነገር ነው። የጥይት መቀጣጠያ ውስጥ እርሳስ አለ፣ የድሮዎቹ ሜርኩሪም ነበረባቸው፤ ሲተኮስ ቀለሃው ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ ያንን የያዘ ነው። ስትለዩ አፋችሁን ሸፍኑ፣ በደረቁ አትጥረጉት፣ ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ፣ የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ልጅ አትቀፉ። ወላድና ነፍሰ ጡር ማዳበሪያው አጠገብ አትቀመጥ። ከቀለሃ ማንኪያም ሆነ መጠጫ እንዳትሠሩ፣ ማንም ቢያዛችሁ።


የላስታ አንጥረኛ፣ ከላሊበላ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ገበሬውን ሄጄ ጠየቅሁት፤ ቀለሃው ክረምቱን በሙሉ የከረመው ከፍየል ጉሮኖ ጥግ ነው። የተረፈውን በአጉሊ መነጽር ሳየው መዶሻ ያልነካው ቀለሃ ሁሉ አንገቱ ላይ በቀጭኑ ተሰንጥቋል። ለይቼዋለሁ፣ የጸናጽሉ እጀታና ቅስት ይቀለጥበታል።

የቀረውን እንደተባለው በዓይን፣ ከዚያ በማግኔት፣ ከዚያ በሞረድ አሳለፍኩት። ሃምሳ አለቃ፣ አፉ የተጨማደደው ባዶ ጥይት ማዳበሪያው ውስጥ ተገኝቷል፤ ለፖሊስ ነግሬ መጥተው ወሰዱት። ቁራሌውንም አነጋግሬዋለሁ።

የሸዋ በሩ ጋሼ፣ ማለስለሱ ሠርቷል። የኤም ዋኑ ገላ ሲዘረጋ ወደ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ስፋት ይሰጠኛል፣ አንድ ቅጠል ከአንድ ቀለሃ። መጨረሻ ላይ በመዶሻ ሳጠነክረው በክር አንጠልጥዬ በጥፍሬ ነካሁት፤ ድምፁ ቆይቶ ነው የጠፋው፣ ከዚህ በፊት ጠቅ ብሎ ነበር የሚቀረው። የቀረኝ ጥቀርሻውና ጥቁረቱ ነው። በምን ላጥበው? አመድና አሸዋ እየቧጨረ ነው።


አንጥረኛው፣ ከደሴ ሸዋ በር

ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው ሥራ!

አሸዋውን ተወው። መጀመሪያ በእንዶድ ውኃ ቅባቱንና ጥቀርሻውን አስለቅቅ፣ ውኃውን ግን ልጅም ከብትም የማይደርስበት ጉድጓድ ድፋው። ቀጥሎ ሎሚና ጨው በሞቀ ውኃ፤ ሎሚ ከተወደደ ከባቲ የሚመጣው ጎምዛዛ ፍሬ፣ ሮቃም ይሠራል። ጥቁሩ ሲለቅ ወዲያው አውጥተህ በንጹሕ ውኃ አጥበህ አድርቀው። አሳድረህ ከተውከው አሲዱ ዚንኩን እየበላ መዳቡን ብቻ ያስቀርና ነሐስህ መዳብ መስሎ ይቀላል፣ ይደክማልም። በሽንት ማጠብ የሚሉህን ደግሞ አትስማ፣ ምክንያቱን አሁን ታውቃለህ።

ቅስቱን ስታቀልጥ ቀድሞ ቂጥ ቂጡን ክተት፣ ስስ ስሱን በኋላ፤ ስሱ ቶሎ ይቃጠላል። ላዩን በከሰል ዱቄት ወይም በተፈጨ ጠርሙስ ሸፍነው፣ ዚንኩ እንዳያመልጥብህ። ነጭ ጭስ በብዛት ካየህ እሳቱ አልፎብሃል፤ ወናፉን አቁምና ቶሎ ቅዳ።

ቅጠሎቹን ደግሞ ስትበሳ ቀዳዳውን ከሽቦው ሰፋ አድርገው፣ ጠርዙንም በሞረድ አለስልሰው። ጠባብ ከሆነ ሽቦው ቅጠሉን ያንቀዋል፣ ሻካራ ከሆነ ሽቦውን እየበላ ይቆርጠዋል። መሪጌታው እሺ ካሉህ በስልክህ ቅዳና ድምፁን እዚህ ልቀቅልን።